የጦስኝ ዘይት ሲለዋወጥ፦ ችግርና መፍትሄ

«ያው ጦስኝ፣ ያው ድስት፣ ዘይቱ ግን ሌላ!» ጦስኝን ከውሃ ጋር አፍልተው በእንፋሎቱ ዘይት የሚያወጡ ሰዎች ቅሬታ ይሄ ነው። ገዢው ደግሞ ወዲያው «ባዕድ ነገር ገብቶበታል» ይላል። ከመካሰስ በፊት ቅጠሉን መጠየቅ ይሻላል።

ሽታው ካለፈው ጊዜ ተለየ

ቅጠሉ ከየት መጣ? ጦስኝ ከባሌ እስከ ሰሜን ተራሮች በደጋው ይበቅላል። ለዓይን አንድ ይመስላል። የአንዱ ዘይት ግን ታይሞል የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ የሌላው ካርቫክሮል የሚባል። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ናቸው፤ የሚለያዩት ኦክስጅኑ በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህን ልዩነት ኬሞታይፕ ይሉታል። ተክሉ በተፈጥሮው ይዞት የሚመጣ ስለሆነ ማዳበሪያ አይቀይረውም።

መፍትሄው፦ የተለያየ ቦታ ጆንያ አትቀላቅሉ። በየጆንያው ላይ ቦታውንና ወሩን ጻፉ። የወደዳችሁት ተክል ካለ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ በመትከል አባዙት። በዘር ከተባዛ ልጅ እናቱን ላይመስል ይችላል።

ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ጠጠር ታየ

እንዳትደፉት! ንጹህ ታይሞል የሚቀልጠው 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ታይሞል የበዛበት ዘይት በብርድ ሊረጋ ይችላል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይሟሟል። ካርቫክሮል ግን ፍሪጅ ውስጥም ፈሳሽ ነው። ጠጠር አለመታየቱ ብቻ ካርቫክሮል ነው አያሰኝም። ቁርጡን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ዘይቱ አነሰ

ዘይቱ ያለው ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ዘይቱ ይተናል፣ ተከምሮ ሲውል ቅጠሉ ይሻግታል። ሲያብብ እጨዱ፣ ጥላ ውስጥ ሳሳ አድርጋችሁ አድርቁ።

ሽታው ጋዝ ጋዝ አለ፣ የጦስኝ ኃይል የለውም

ቶሎ እሳት አጥፍታችኋል። ቀድመው የሚወጡት ፓራ-ሳይሚንና ጋማ-ቴርፒኒን የሚባሉት የዘይቱ ክፍሎች ናቸው። ታይሞልና ካርቫክሮል ዘግይተው ይከተላሉ። ዘይት መውጣቱ እስኪቆም ታገሱ። አብሮ የወረደውን ውሃም አትድፉት። አንድ ሊትር ውሃ 1 ግራም ገደማ ታይሞል ሊይዝ ይችላል፤ ለቀጣዩ ዙር መልሱት።

ዘይቱ ቀላ

ብረት ነክቶታል። ስቴንለስ ስቲል ወይም መስታወት ተጠቀሙ።

ጠርሙስ ውስጥ ቆይቶ ተበላሸ

ብርሃንና አየር ናቸው። ትንሽ፣ ጥቁር ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የተሞላ። (በነገራችን ላይ ይህ ዘይት ሻይ ላይ እንደምንጥለው ቅጠል አይደለም። ሳይቀጠን ቆዳ ያቃጥላል፣ አይጠጣም።)

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና አንድ ቀን አሳድሩት። የቅባት እድፍ ከቀረ የምግብ ዘይት ሳይገባበት አልቀረም። ፋብሪካ የተሰራ ታይሞል ከተጨመረበት ግን ወረቀቱ ምንም አይነግራችሁም።