የሊኑክስን አጫጫን መዝግቦ ስለመያዝ

በደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስምንት ኮምፒዩተሮች ላይ ሊኑክስ ከሚባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱን፣ ስጭን፣ የሠራሁትን ሁሉ እንደማስታውሰው እርግጠኛ ስለነበርሁ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍሁም። በዓመቱ የአንደኛው ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ግን ፕሪንተሩን በምን ማስተካከያ እንዳሠራሁት ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስዳክር ቆየሁ።

መዝገቡ መጀመር ያለበት ከመጫን በፊት ነው። በጭነቱ ጊዜ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ኮምፒዩተሩም ገና ማስታወሻ የሚቀመጥበት ስላልሆነ፣ ለዚህ ደረጃ ከወረቀት ደብተር የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ ገጽ ከፍተው የኡቡንቱውን ቅጂ ቁጥር፣ ዲስኩ በስንት እንደተከፈለና የየክፍሉን መጠን፣ የኮምፒዩተሩንና የተጠቃሚውን ስም ይጻፉ። የይለፍ ቃል በዚህ ደብተር አይጻፍም።

ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ራሱ ብዙ ነገር ይመዘግባል። በኡቡንቱና ዴቢያን በሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት የጭነቱ ሂደት «ቫር» ከሚባለው ማውጫ (የፋይሎች ማኅደር) ሥር፣ «ሎግ» ውስጥ ባለው «ኢንስቶለር» ይገኛል፤ በኋላ የተጫነውና የተነሣው ፕሮግራም ደግሞ እዚያው «አፕት» ውስጥ «ሂስትሪ» በተባለው ፋይል ከነትእዛዙ ይሰፍራል። ይህ ፋይል በተለመደው አሠራር በየወሩ እየተተካ የ12 ወር ያህሉ ብቻ ስለሚቆይ፣ አሮጌው ሳይሰረዝ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ምን እንደተደረገ ይጽፋል፤ ለምን እንደተደረገ የሚያውቀው ግን የጫነው ሰው ብቻ ስለሆነ ምክንያቱን በደብተሩ ማስፈር የእርሱ ድርሻ ነው።

በእኛ ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ቀንና ሰዓት ነው። በደብተር «ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለን የጻፍነውን ኮምፒዩተሩ ኖቬምበር 12 ቀን 2024፣ 9 ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ሳይባል በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተተወ ደግሞ ያንኑ ቅጽበት 6 ሰዓት ይለዋል። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ የጀመርሁት፣ አንድ ብልሽት የደረሰበትን ቀን ኮምፒዩተሩ ከያዘው መዝገብ ጋር ለማገናኘት በጣቴ ስቆጥር ካመሸሁ በኋላ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒዩተርም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሥራ ከመጀመር በፊት ሰዓቱን ማየት ግድ ነው።

የሊኑክስ ማስተካከያዎች በሚቀመጡበት፣ «ኢቲሲ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያለ ማናቸውንም ፋይል ከመንካትዎ በፊት ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ከዚያም የትኛውን መስመር ከምን ወደ ምን እንደለወጡትና ምክንያቱን ይጻፉ። «ኢቲሲኪፐር» የሚባለው ፕሮግራም ለውጦቹን ጊት በተባለው የፋይል ለውጥ መከታተያ እየያዘ ይህን ያቀልላል፤ ለሁለት ለሦስት ኮምፒዩተር ግን ደብተሩ ይበቃል ባይ ነኝ።

መዝገቡ የተሟላ መሆኑን ለማወቅ ለሌላ ሰው ይስጡት። ከደብረ ሲና የመጣ ባልደረባዬ የእኔን ደብተር ብቻ ይዞ አንዱን ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ሲጭን ሦስት ጊዜ ስልክ ደወለልኝ፤ የጠየቀኝን ሦስቱንም በዚያው ቀን በየገጻቸው ጻፍኋቸው።