«ጋሼ፣ ማስቲሹ ፎርጅድ ነው»፦ የበር ጎማ ስንለጥፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ጋራዥ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «በሩ ውሃ ያስገባል፣ ምንጣፉ ሸተተ።» ስናየው የበሩ ጎማ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ስንጥቁ ሳይሆን ከላዩ የተደፋበት ሙጫ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ሞክሮታል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የተደፋው ሱፐር ግሉ ነው። አይዝም አላልኩም፤ ይይዛል። ችግሩ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ መሆኑ ነው። የበር ጎማ ሥራው መጨፍለቅና መመለስ ነው፤ ሙጫው ግን አይታጠፍም። ትንሽ ቆይቶ ከሙጫው ጠርዝ አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል።

ጎማ የሚያብረቀርቅ ቅባት የተቀባ ጎማ ላይ መለጠፍም ልፋት ነው። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው፣ ሲሊኮን ያለበት ላይ ደግሞ ምንም አይጣበቅም። በቤንዚን መጥረግም መፍትሔ አይደለም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። በሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፣ 120 ቁጥር ይበቃል። የዘመኑ የበር ጎማ አብዛኛው ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ፀሐይ ይችላል፣ ሙጫ ግን አይወድም። ሳይፋቅ አይሆንም። ላዩን ብቻ መፋቅ ደግሞ ምንም አይጠቅምም። ስንጥቁን በአውራ ጣት ወደ ኋላ አጥፋችሁ ክፈቱት፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፋችሁ ውስጡን ፋቁት። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሙጫ ማስቲሽ ነው፤ እሱንም በክብሪት እንጨት ውስጥ ድረስ አስገቡ።

አሁን ዋናው። ማስቲሽ ቀብቶ ወዲያው መግጠም! ስንት ጊዜ ልናገር? አንድ ተለማማጅ ልጅ ነበረን፣ እጁ ቀልጣፋ። ይቀባል፣ ይገጥማል፣ በፕላስተር ይጠቀልላል፣ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። በማግስቱ ጎማው ተላቆ ይጠብቀዋል። «ጋሼ፣ ማስቲሹ ፎርጅድ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን የለጠፈውን አብረን በምላጭ ከፈትነው። ውስጡ እንደ ማር እርጥብ ነበር። ማስቲሽ የሚይዘው ፈሳሹ ተኖ ሲወጣ ነው፤ ከዘጋችሁበት በየት ይውጣ? ሁለቱንም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ። በጣት ሲነኩት ጣት ላይ የማይወጣ፣ ግን የሚያጣብቅ ሲሆን ግጠሙና አጥብቃችሁ ተጫኑ። አንዴ ከገጠመ መልሳችሁ ማስተካከል የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳትቀቡ ሞክሩት። በነገራችን ላይ ይሄን ሁሉ ውጭ ሥሩ፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም እሳት ይይዘዋል።

የጭቃ መከላከያ ጎማ ከሆነ፣ ስንጥቁ ያለቀበት ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብሱ፣ አለዚያ ይቀጥላል። ከኋላው የከመነዳሪ (አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ) ቁራጭ ለጥፉበት።

የፍሬን ቱቦና የመኪናው እግር ጎማ ጎን አይለጠፍም። አለቀ።

የራዲያተር ቱቦም አይለጠፍም። ይሄን የማውቀው አድርጌው ነው። ወጣት እያለሁ ቱቦ መግዣ ብር አጠረኝና በማስቲሽና በከመነዳሪ ጠቅልዬ ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣሁ። ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ክዳኑ ግፊት ያጠራቅማል፤ ማስቲሽ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሸኖ ሳልደርስ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። ኮፈኑን ስከፍት ጥቅሉ ተላጦ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት በጄሪካን ውሃ አመጡልኝና ቱቦውን አይተው «ልጄ፣ ይሄን ማን ሠራልህ?» አሉኝ። መካኒክ ነኝ ማለት አፈርኩ።