ሞተር የሚሰቀልበት ሰንሰለት፦ አመራረጡና አፈታተሹ

በድሬዳዋ ጋራዦች የከባድ መኪና ሞተር ከማረፊያው የሚነሳው በአብዛኛው በሰንሰለት ነው፤ ከሞተሩ አጠገብም ሁልጊዜ ሰው አለ። ስለዚህ ሰንሰለት የሚገዛ ሰው «ወፍራም ነው ወይ?» ከማለቱ በፊት «የተሠራው ለምን ሥራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መልካቸውና ውፍረታቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሰንሰለቶች፣ አንዱ ከተራ ብረት ለበር መዝጊያ፣ ሌላው ደግሞ በሙቀት ከጠነከረ ቅይጥ ብረት ለጭነት ማንሻ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አቅማቸውም በእጅጉ ይራራቃል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ቀለበቱ ላይ ከተመታው ምልክት ነው። ለማንሻ የሚሆነው ቢያንስ ግሬድ 80 የሚባለው ሲሆን፣ በየተወሰነ ርቀት 8፣ 80 ወይም የላቲኑ «ቲ» ፊደል ይገኝበታል። የዚህ ደረጃ ሰንሰለት ነጠላውን ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ 2 ቶን፣ ባለ 10ሩ 3.15 ቶን፣ ባለ 13ቱ 5.3 ቶን ይሸከማል። የሚበጠሰው የዚህ አራት እጥፍ ሲጫንበት ነው፤ ይህ ትርፍ ግን ለድንገተኛ መናጥና በሥራ ብዛት ለሚመጣው መበላት የተተወ እንጂ ለተጨማሪ ጭነት የተፈቀደ አይደለም። ምልክት የሌለውን ሰንሰለት፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያሞግሰው፣ ለማንሻ ባይገዙት ይሻላል።

ግሬድ 70 የደንገጎን ዳገት ይዞ ወደ ሐረር ለሚወጣ መኪና ጭነት ማሰሪያነት ተስማሚ ነው፤ ለመስቀል ግን አልተሠራም። ከጅቡቲ በኩል የመጣ ያገለገለ የጀልባ መልህቅ ሰንሰለት ቢያጋጥምዎም ፍርዱ ያው ነው። ጀልባን ከባሕር ወለል ጋር አያይዞ ለማቆየት የተሠራ ነው፤ ጨዋማው ውኃ ምን ያህል እንደበላው ደግሞ ከላይ የተቀባው ዚንክ ሊሸፍነው ይችላል።

ያገለገለ ሰንሰለት ከመመርመሩ በፊት በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ መጽዳት አለበት፤ በግራሶና በአሸዋ የተሸፈነ ቀለበት ስንጥቁን አያሳይም። ቅባቱን በእሳት አቃጥሎ ማጽዳት ግን ፈጽሞ አይገባም። ግሬድ 80 ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ400 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ያገኘውም ከሥራ መውጣት አለበት። ከጸዳ በኋላ ሰንሰለቱን አላልተው ሁለቱን ተያያዥ ቀለበቶች ወደ ውስጥ ይግፏቸው። አንዱ በሌላው ላይ የሚያርፍበት የውስጥ ኩርባ ያን ጊዜ ይገለጣል፤ መበላት የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ቦታውም የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ይሆናል። ካሊፐሩን፣ ማለትም የውፍረት መለኪያውን፣ በዚያ ስፍራ በሁለት አቅጣጫ አስገብተው ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። ከመጀመሪያው ውፍረት አንድ አሥረኛው ካለቀ፣ ማለትም ባለ 8ቱ ከ7.2፣ ባለ 10ሩ ከ9 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ፣ ሰንሰለቱ አብቅቷል። በዓይን ግምት መፍረድ አደገኛ ነው፤ እኔ በካሊፐር ያልተለካ ሰንሰለት አላምንም። እግረ መንገድዎን በብየዳው መስመር ላይ ስንጥቅ፣ በጎን በኩል የመዶሻ ምት ያሳረፈው ሰርጓዳ፣ የተጠማዘዘ ወይም ተለጥጦ ጎረቤቱን የሚይዝ ቀለበት መኖሩን በየተራ ይመልከቱ። የመንጠቆው አፍ ከፍቶ ከተገኘ ከመጠን ያለፈ ጭነት ተሰቅሎበታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መንጠቆ ቀጥቅጦ መመለስ አይፈቀድም።

ጤነኛ ሰንሰለትም በአሰቃቀል ስሕተት ሊበጠስ ይችላል። ጭነቱ በሁለት ሰንሰለት ሲያዝ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን በሰፋ ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል፤ 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ የጭነቱን ሙሉ ክብደት ይሸከማል። ስለዚህ ማዕዘኑን ከ90 ዲግሪ በታች ለመያዝ ረዘም ያለ ሰንሰለት መጠቀም ይገባል። ሰንሰለቱን በቋጠሮ ማሳጠር፣ በብሎን መቀጠል ወይም የተበጠሰውን በጋራዥ ብየዳ መጠገን የተከለከለ ነው፤ ብየዳው ብረቱን ያጠነከረውን የሙቀት ሥራ ያፈርሰዋል። መቀጠል ካስፈለገ ደረጃው እኩል የሆነ መገጣጠሚያ ቀለበት መግዛት ነው።

ከሥራ የወጣ ሰንሰለት በጋራዡ ጥግ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ሌላ መካኒክ ሥራ በተጣደፈበት ሰዓት ያነሳዋል። በመቁረጫ ከጥቂት ቀለበት በማይበልጥ ርዝመት ከተቆራረጠ በኋላ ለቁራሊዮ ይሰጥ።