ጠዋት ጠዋት ኧርዝ ፎልት የሚያወጣ ድራይቭ
ገላን፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ የ15 ኪሎዋት ሞተር። ክረምት ከገባ ወዲህ ድራይቩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ጠዋት ሲነሳ ኧርዝ ፎልት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው) ብሎ ይቆማል፤ ቀን ላይ ሰላም ነው። ሁሉም «ድራይቩ ይቀየር» አለ። በዚህ ዶላር!

ኃይል አጥፍቼ፣ በድራይቩ ውስጥ ቻርጅ ይዘው የሚቆዩት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ጠብቄ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች (ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ) ከድራይቩ ፈታሁ። ይህ ሳይደረግ በሜገር (የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሱን የሚለካ መሣሪያ) ከተለካ የሜገሩ 500 ቮልት ደህናውን ድራይቭ ሊገድለው ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። ድራይቩ ያለ ሞተር ሲነሳ ፎልት የለም። ኬብሉም ለብቻው ደህና። ሞተሩ ግን በሜገር ከ1 ሜጋኦም በታች፤ ያፈሳል ማለት ነው።

የሞተሩን ተርሚናል ቦክስ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን ሳጥን) ስከፍተው ውሃ ቋጥሯል፤ የኬብሉ ግላንድ (ኬብሉ ሲገባ አጥብቆ የሚይዘው) ላልቷል፣ ጋስኬቱ (የክዳኑ ማሸጊያ) ተሰነጣጥቋል፣ የገባው ዱቄት ሊጥ ሆኗል። ቀን ላይ የሚሠራው ሙቀቱ ስለሚያደርቀው ነበር። ጠርጌ በሞቀ አየር አደረቅሁት፤ ግላንዱንና ጋስኬቱን ቀየርኩ። ሜገሩ ከ100 ሜጋኦም በላይ አነበበ። ኬብሉንም ዝናቡ ተከትሎት እንዳይገባ ከታች እንዲገባ አዞርኩት።