ልጅዎ በብሔሩ ወይም በቋንቋው ምክንያት ከትምህርት ቤት ምዝገባ ሲመለስ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አድልዎ ስሙን ተናግሮ አይመጣም። ጎረቤቴ የልጇን የክትባት ካርድና የነዋሪነት መታወቂያዋን በፌስታል ይዛ ሄዳ “ቦታ ሞልቷል” ተብላ ተመለሰች፤ በማግስቱ ግን የሌላ ቤተሰብ ልጅ እዚያው ተመዘገበ።

እንዲህ ሲያጋጥምዎ በቃል ተከራክረው ብቻ አይመለሱ። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ለመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሚቀርዎት ቅጂ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ፤ ምላሹም በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። እኔ አብዝቼ የምተማመነው በዚህች ማኅተም ነው፤ ምክንያቱን በፊርማው ለማስፈር የሚከብደው ኃላፊ ውሳኔውን ደግሞ ሊያየው ይችላልና። በማመልከቻዎ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ይጥቀሱ፤ በብሔርም ሆነ በቋንቋ ልዩነት ሳይደረግ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይደነግጋል።

አቤቱታውን ወደ ላይ ከመውሰድዎ በፊት ሰፈርዎ በአዲስ አበባ አስተዳደር ወይም በኦሮሚያ ክልል ሥር መሆኑን ያጣሩ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ይለያል። እዚያም ካልተፈታ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል።

ልጁ ገብቶ በአነጋገሩ የሚሳለቁበት ከሆነ ደግሞ የተባለውን ቃል በቃል ከነቀኑ ይመዝግቡ፤ ልጁን ግን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ምስክር አያድርጉት።