ሰው ማስጠንቀቂያችንን የማይሰማው ለምንድን ነው?

ለደንበኞች ወይም ለሠራተኞች የደህንነት መልእክት ለምትጽፉ ሁሉ።

ችግር፦ ደንበኛው የማረጋገጫ ኮዱን ለማያውቀው ደዋይ ይነግራል

«ለማንም አይስጡ» ተብሎ ተጽፎለት ነበር። ሰጠ።

ምክንያቱ፦ ደዋዩ «ከባንክ ነው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ብሎ አስደንግጦታል። የደነገጠ ሰው መልእክት አንብቦ አይጨርስም፤ ዓይኑ የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ቁጥሩን ከፊት፣ ማስጠንቀቂያውን ከኋላ እናደርጋለን፤ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ። ደግሞ «ማንም» ሲባል የባንክ ሠራተኛም ይጨምራል ብሎ ማን ያስባል?

መፍትሄው፦ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ከቁጥሩ በፊት ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ከሂሳብዎ 5,000 ብር ሊወጣ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም ይህን ኮድ የሚጠይቅዎ ሌባ ነው። ኮዱ...»። ከመላካችሁ በፊት ለእናታችሁ አስነብቡ። ምን እንደገባቸው በራሳቸው አፍ ይንገሯችሁ።

ችግር፦ ማስጠንቀቂያው ሳይነበብ «እሺ» ይጫናል

አንድ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ሳጥን ስክሪኑ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ብቅ ካለ አእምሮ ይለምደዋል፣ ከዚያ ማየቱን ይተዋል። ስለዚህ ቀንሱት፤ ለእውነተኛ አደጋ ብቻ አስቀምጡት።

ከዚያ ቁልፎቹን አስተካክሉ። የክሮም ብሮውዘር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ በጣም ይጠቅመናል። ግንኙነቱ አስተማማኝ ያልሆነ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ቀለል አድርገው ቢጽፉትም ሰው በደንብ አልተረዳውም። ግን ወደኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ አጉልተው «ልቀጥል» የሚለውን ከእይታ ገለል ሲያደርጉት፣ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው ከአደጋው ተመለሰ።

ችግር፦ ፓስዎርዱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል

በየሦስት ወሩ ቀይሩ ስለምትሉ ነው። ካልተለጠፈም ያው የድሮው ይሆንና መጨረሻው ላይ ያለው 1 ወደ 2 ይቀየራል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት (NIST) እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ግዴታ ተዉት ብሏል። ረጅም ይሁን፣ የሚቀየረውም መሰረቁ ሲታወቅ ይሁን።

ችግር፦ ሠራተኛው አጠራጣሪ ሊንክ ከፍቶ ዝም ይላል

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ባልደረባችን ሊንክ ከፍታ ወዲያው ተናገረች። በስብሰባ ላይ ስሟ ተጠርቶ ተወቀሰች። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላሳወቀም። ሊንክ መክፈቱ ቀርቶ እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ምክንያቱ ሀፍረት ነው። ሰው ከሌባው ይልቅ አለቃውን ከፈራ ይደብቃል፤ ሌባው ደግሞ የሚፈልገው ያንን ጊዜ ነው።

መፍትሄው፦ «ሊንክ ከፍተዋል? አሁኑኑ ይደውሉ፤ አንቆጣም» ብላችሁ ከአጭር ስልክ ቁጥር ጋር እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ለጥፉ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «እንኳን ደወልሽ» ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደተከፈተ የሚጠየቀው።