ቤት ሲታደስ ድመቷ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሥራዬ ፊኒሺንግ ነው። ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ስቱኮ፣ ቀለም። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሰው እየኖረበት ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ጀሞ፣ አያት፣ ጎተራ። ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ድመት አያጣም። ባለቤቶቹ ስለ ሴራሚኩ ቀለም ሦስት ሳምንት ይጨነቃሉ፤ መርካቶን አራቴ ይመላለሳሉ። ድመቷ ትዝ የምትላቸው ግን ሥራ የጀመርን ዕለት፣ መዶሻው ከተነሳ በኋላ ነው። እኔም ቤት ሁለት ስላሉኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

"ድመት አይደለች? ራሷ ትሸሻለች"

አዎ፣ ትሸሻለች። ወዴት? የደነገጠች ድመት የምትፈልገው ጠባብ፣ ጨለማ፣ ጀርባዋን የምታስጠጋበት ቦታ ነው። እድሳት ላይ ያለ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቶታል። የተነቀለ ካቢኔት ጀርባ አለ፣ ቧንቧ የሚወርድበት ክፍተት አለ፣ ግማሹ የተከፈተ ኮርኒስ አለ። የእኛ ሥራ ደግሞ ቀዳዳ መዝጋት ነው።

ሰው ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የቧንቧውን መስመር በጂፕሰም ሸፍነን፣ ስቱኮ ቀብተን፣ ሒሳባችንን ተቀብለን ሄድን። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ ግድግዳው ይጮኻል" አሉኝ የቤቱ ባለቤት እማማ።

"ቧንቧው አየር ይዞ ይሆናል እማማ፣ ነገ ጠዋት አየዋለሁ።"

"የቧንቧና የውሮን ድምፅ መለየት ያቅተኛል ነው የምትለኝ?"

ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። ተንበርክኬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ይሰማል። ጂፕሰሙን በቢላዋ ስቀድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ብቅ ያለው ጢሟ ነው፤ ዱቄት የመሰለ አቧራ የለበሰ ጢም። ቀዳዳው ለጭንቅላቷ እንደበቃ ተፈትልካ ወጥታ አልጋ ሥር ገባች። እስከ ማግስቱ አልወጣችም። እማማ ሻይ እንኳ አላሉኝም። ጂፕሰሙን በነጻ ደግሜ ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ድመቷን በዓይኔ ሳላያት ምንም ነገር አልዘጋም። "ውጭ ሳትሆን አትቀርም" ለእኔ መልስ አይደለም።

"ክፍል ውስጥ አድርገናታል" ብሎ በሩን አለመቆለፍ

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ለድመቷ አንድ ክፍል መለየት ትክክል ነው። ግን በሩ ገርበብ ብሏል፣ ወይም ተዘግቷል ግን አልተቆለፈም። እድሳት ላይ ያለ ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ በር ማለት ክፍት በር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬት ፍለጋ ይከፍተዋል። የቀን ሠራተኛው ጃኬቱን ሊሰቅል ይከፍተዋል። ሲሚንቶ ያመጣው ልጅ መጸዳጃ ቤት መስሎት ይከፍተዋል። ማንም መጥፎ ሰው አይደለም፤ ማንም ግን አልነገረውም። "ወረቀት ለጥፌ ነበር እኮ" ትሉኛላችሁ። ትናንት ያነበበው ሠራተኛ ዛሬ ሌላ ሳይት ሄዷል፤ የዛሬው ደግሞ ሁለት እጁ ባልዲ ይዟል፣ በሩን የሚገፋው በትከሻው ነው። ወረቀቱን ለጥፉ፤ ግን ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ለፎርማኑም አትስጡት። እኔ ፎርማን ነኝ፤ ለእኔም አትስጡኝ።

ክፍሉ ከሥራው የራቀ ይሁን። ውሃዋ፣ ምግቧና አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ያለበት መጸዳጃዋ ይግቡ፤ መጸዳጃው ከምግቡ ይራቅ። አንድ ካርቶን በጎኑ አስተኙና አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። የምትደበቅበት ካላት ግማሹ ጭንቀቷ ይቀላል። ደግሞም መዶሻው በሚጀምርበት ጠዋት ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አስለምዷት። ጫጫታው ሲጀምር የገባችበት ክፍል እስር ቤቷ ነው። ቀድማ የተኛችበት ከሆነ ግን ቤቷ ነው።

ድምፁን በእኛ ጆሮ መለካትም ሌላ ስህተት ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ቢሰማ ነው፤ የድመት ከ60,000 ያልፋል። ሴራሚክ መቁረጫው ለእኛ ጆሮ የሚበሳ ከሆነ ለእሷ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ እኔን የመሰለ ባለሙያ ስትቀጥሩ "ዛሬ የሚጮኸው ሥራ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መቁረጡንና መብሳቱን አንድ ላይ ሰብስቦ መሥራት ይቻላል። ሳትጠይቁን ግን አናደርገውም፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ለአዲስ ቤት ብሎ ሁሉን ማጠብ

ድመት ቤቷን የምታውቀው በጠረን ነው። ጉንጯን በር መቃን ላይ፣ ወንበር እግር ላይ የምታሸው ስላሳከካት ብቻ አይደለም፤ ጠረኗን እየተወች ነው። እኛ መጥተን መቃኑን ነቀልን፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባን፣ ወንበሩን ወደ ዘመድ ቤት ላክን። በአንድ ሳምንት ውስጥ የራሷ የሚሸት ነገር ጠፋ። በዚህ ላይ ብርድ ልብሷን ብታጥቡባት ምን ቀራት? ቆሽሾም ቢሆን ይቆይላት። እናንተ የለበሳችሁት ያልታጠበ ሹራብ ቢጨመርማ እሰየው። ሥራው ሲያልቅ ንጹሕ ጨርቅ ጉንጯ ላይ አሽታችሁ፣ አዲሱ በር መቃን ላይ በእሷ ቁመት ልክ አብሱት። ሠራተኞቼ ይሄን ሳደርግ አይተው ስቀውብኛል። ይሳቁ።

ቀለም ሲነካት በጋዝ ማጠብ

አንድ ቤት ውስጥ ድመቷ የዘይት ቀለም ባልዲ ላይ ወጣችና ሁለት የፊት እግሮቿ ነጭ ሆኑ። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ። ስመለስ የቤቱ ልጅ በነጭ ጋዝ የነከረ ጨርቅ ይዞ እያሻት ነው። አሳዝኖት ነው፤ እጃችንን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ስናጸዳ አይቷል። ማታ መዳፏ ቀልቶ አብጦ መርገጥ አቃታት።

ጋዝም አኳራጅም የድመት ቆዳ ያቃጥላል። ቀሪውን ደግሞ ልሳ ትውጠዋለች። ድመት ላይ የነካ ነገር ሁሉ ሆዷ እንደሚገባ ቁጠሩት፤ የሲሚንቶ አቧራም ቢሆን። "እንግዲያው በዴቶል" የሚሉም አሉ፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። የእኛ ጉበት የሚያስወግዳቸውን አንዳንድ ነገሮች የድመት ጉበት ማስወገድ አይችልም፤ ዴቶል ውስጥ ያለው ኬሚካል አንዱ ነው። ፓራሲታሞልም እንደዚያው፤ "አሟታል" ብሎ የተሰጣት አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ሳይደርቅ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይለቃል። የዘይት ቀለም ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ የምግብ ዘይት ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አብሱት፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ። እስኪያልቅ በፎጣ ጠቅልሏት፤ እንዳትልስ። ከደረቀ ፀጉሩን በጥንቃቄ መቁረጥ ይሻላል። አኳራጅ ከላሰች ግን አታስመልሷት፤ ሲመለስ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ወተትም አያረክሰውም። ቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

ከተደበቀችበት ጎትቶ ማውጣት

አትጎትቷት። ረዳቴ ከሶፋ ሥር በጅራቷ ሊያወጣ ሞክሮ አውራ ጣቱን ነክሳዋለች። "ጭረት ነው" ብሎ አኳራጅ ሊያፈስበት ነበር! የእብድ ውሻ በሽታን ድመትም ታስተላልፋለች። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ብታስከትቧትማ ለእኛም ለእናንተም ዕረፍት ነው።

በጆንያ አድርጎ ዘመድ ቤት መላክ

አትላኩ አልልም። በጆንያ አትላኩ። ትንፋሽ የሚያስገባ ጠንካራ ካርቶን ወይም ቅርጫት ይሻላል። ስትደርስም በአንድ ክፍል ትጀምር፤ የመጀመሪያው ቀን ውጭ ከተለቀቀች የድሮ ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች። መንገዱን ደግሞ አታውቀውም።

መስኮት ተነቅሎ እያለ መልቀቅ

አራተኛ ፎቅ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

"ተበሳጭቶ ነው" እያሉ ማለፍ

ወንድ ድመት ካላችሁ ይሄን ልብ በሉ። መጸዳጃው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ጠብታ አይወጣም። ጭንቀት የሽንት ቧንቧው እንዲዘጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ሳይታከም ከዋለ ካደረ ይሞታል። ነገ አይባልም። ምግብ መተው ደግሞ አንድ ቀን ቢሆን ከድንጋጤ ነው፤ ሁለተኛውን ቀን ከደገመች ለሐኪም ደውሉ፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች።

የአይጥ መርዝ በእድሳት ሰሞን አታስቀምጡ። የተመረዘውን አይጥ የምትበላው እሷ ናት።

አሸዋውን ሳይሸፍኑ ማሳደር

ይሄኛው ስህተት የእኛ የሠራተኞቹ ነው። በረንዳ ላይ የተራገፈ ንጹሕ፣ የተነፋ አሸዋ ለድመት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ የተቆለፈባት ክፍል ማታ ሲከፈትላት በቀጥታ ወደዚያው። ጠዋት ሴራሚክ ሠሪያችን ሲሚንቶውን ጨምሮ በእጁ ማዋሃድ ጀመረ። እጁን አወጣ። አሸተተ። እኔን አየኝ። የቤቱ እመቤት ከውስጥ "ዛሬ ደግሞ መጸዳጃዋ ንጹሕ ነው፣ ጎበዝ ሆናለች!" እያሉ ነበር። አሁን አሸዋ ካራገፍን ሸራ እናለብሳለን፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ብሎኬት እንጭናለን። አንድ ብሎኬት አይበቃም፤ ሸራውን ታነሳዋለች።